ላልቶ ነው የሚነበበው

እጅ ጽሑፌ ባያምር ኖሮ ያን ሳምንት እንደ ሌላው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ፈተናዬን ብቻ እየፈራሁ ባሳለፍኩት ነበር። ማትሪክ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። እኔ ደግሞ ስፈራ ሆዴን ይቆርጠኛል፤ ከግንቦት መግቢያ ጀምሮ ሆዴን ይዤ ነው የከረምኩት። ከጥሊሊ አብራኝ መጥታ እንጅባራ አንዲት ክፍል አብረን የተከራየን ጓደኛዬ፣ "አንቺ እኮ ፈተና ባይኖር ራስሽ ታወጪ ነበር" ትለኛለች። እውነቷን ነው። የምጨነቅበት ነገር ካጣሁ እሱ ራሱ ያስጨንቀኛል።

የትምህርት ቤታችን ተመራቂዎች የሚሰናበቱት በኑዛዜ ነው። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ስንገባ አገኘነው። በመጨረሻው ሳምንት ረቡዕ ጠዋት፣ ሰልፍ ላይ፣ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ አንድ ተማሪ ወጥቶ ያነበዋል። ሟቾቹ እኛ ነን፤ ወራሾቹ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች ናቸው። አስተማሪም፣ ወንበርም፣ ሽንት ቤትም አይቀርም፤ ሁሉም ይነካል፣ ሁሉም ይስቃል፣ ማንም አይቀየምም። አርብ ደግሞ አንዳችን የሌላችን ሸሚዝ ላይ ፈርመን እንለያያለን።

የእኛን ኑዛዜ አምስት ሆነን አወጣነው። ሦስት እግር ያለውን ወንበር ለአሥራ አንደኛ ሐ አወረስን፤ አራተኛው እግር እኛም ስንወርሰው አልነበረም ብለን። የቤተ ሙከራውን ቁልፍ በዓይኑ ላየው ሰው ሰጠን። ዝናብ የሚያስገባውን የጣሪያ ቀዳዳ፣ የውሃ ችግር እንዳይገጥማችሁ ብለን ከነባልዲው አስተላለፍን። በንጹሕ ወረቀት መገልበጡ በእጅ ጽሑፌ ምክንያት ለእኔ ተሰጠ። ስለ አስተማሪዎቹ የሚለውንም መጨረሻ ላይ እኔ ጨመርኩበት። ማንም አላስገደደኝም፤ አስቃለሁ ብዬ ነው። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

"ዳይሬክተራችን ይከበራሉ፤ ዩኒት ሊደራችን ይፈራሉ፤ የአማርኛ መምህራችን ይረሳሉ።"

ወረቀቱ እዚያ ላይ አለቀብኝ። የቀረውን ጀርባው ላይ ጻፍኩት፦ "ጠመኔ ኪሳቸው ውስጥ እያለ ጠመኔ አምጡ ብለው ሰው ይልካሉ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መሳቢያ ይበረብራሉ። ስለዚህ ለእሳቸው አንድ አስታዋሽ ተማሪ አውርሰናል።" ሳቁ ያለው እዚህ ነበር፤ ጀርባው ላይ።

የአማርኛ መምህራችን በዚያ ዓመት ጡረታ ሊወጡ ነው። ረጅም ናቸው፤ ካፖርታቸውን በግንቦትም አያወልቁም። ቲቸር ስንላቸው፣ "ቲቸር የእንግሊዝኛው ነው፣ እኔን መምህር በሉኝ" ይላሉ። ቀልድ የማያውቁት አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፦ ነጥብ ላይ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይምና፣ ሁለት ዓይነት የሚነበብ ቃል በመጣ ቁጥር የሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ አድርጉ ይሉናል። "ነጥብ የሌለው ላላ ነው። አንባቢን አታስገምቱ።" የተረሳ ነጥብ ግማሽ ማርክ ያስቀንሳል። አገር ሙሉ ሰው ያለ ነጥብ እየጻፈ የሚኖረውን እኛ ብቻ ደብተራችን ዝንብ ያረፈበት መስሎ ይውላል።

ደግሞም ነገር ይረሳሉ። አንድ ሰሞን ሰኞ ያስተማሩንን ማክሰኞ እንደ አዲስ ጀመሩልን፤ እኛም አዲስ የቤት ሥራ እንዳይመጣ ብለን ጭጭ አልን። ክፍል ተሳስተው ገብተው ግማሽ ሰዓት ያስተማሩበት ቀንም አለ። ይኼ ሁሉ ለእኛ ሳቅ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ኑዛዜውን ለክፍላችን አለቃ ሰጠሁት። ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያነብ ልጅ ነው፤ ድምፁ ያምራል፣ ችግሩ የሞባይል ካርድ ቁጥር እንኳ ስጡት እንደ ምንባብ ነው የሚያነበው። "አንድ ጊዜ እየው" አልኩት። "ምኑን ነው የማየው? አማርኛ አይደል እንዴ" ብሎ ኪሱ ከተተው።

ሲያነብ ሁሉም ነገር ጥሩ ሄደ። በወንበሩ ተሳቀ፤ በቁልፉ ተሳቀ፤ ባልዲው ጋ ሲደርስ የጥበቃው ሰውዬ ሳይቀሩ ሳቁ። ዳይሬክተራችን ይከበራሉ ሲል ተጨበጨበ። ዩኒት ሊደራችን ይፈራሉ አለ፣ አጥብቆ፤ ሰው ሁሉ ይፈራቸዋል ለማለት። እሳቸውም በያዙት አለንጋ ጫማቸውን መታ መታ እያደረጉ ሳቁ። ሁለቱን አጥብቆ የመጣ ምላስ ሦስተኛውን በምን ያላላዋል? "የአማርኛ መምህራችን ይረሳሉ" አለ። አጥብቆ።

ላልቶ ቢሆን ሰውየው ነገር ይረሳሉ ማለት ነው። ሲጠብቅ ግን ማንም አያስታውሳቸውም ማለት ነው። ጡረታ ለሚወጣ ሰው፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ በተሰለፈበት።

ከኋላ ጥቂት ልጆች ሳቁ፤ ከዚያ እነሱም አቆሙ። እኔ በሆዴ ገልብጠው፣ ወረቀቱን ገልብጠው እላለሁ። እሱ ግን ያለቀ መስሎት አጠፈው፤ እጅ ነስቶ ወረደ። ደወል ተደወለ።

መምህራችን ከመምህራኑ ሰልፍ ዳር ቆመው ነበር። ፈገግ አሉ። አጨበጨቡም፤ ሌላው ካቆመ በኋላ ትንሽ ቆይተው አቆሙ። ከዚያ ወደ ክፍል መሄዳቸውን ትተው በግቢው በር ወጡ። ጃንጥላቸው ባንዲራ መስቀያው ላይ ተደግፎ ቀረ።

አለቃውን እረፍት ላይ ያዝኩት። "ምን አድርጌህ ነው የገደልከኝ?" አልኩት። "የጻፍሽውን ነው ያነበብኩት" አለኝ። "ነጥብ አለው?" ስለው አወጣና አየው። የለውም። "ነጥብ የሌለው ምንድን ነው?" አልኩት። "ላላ" አለ፤ ፊቱ ጠቆረ። እሱም ክፉ ልጅ አይደለም። አርብ በመዝጊያው ሰልፍ ዳይሬክተሩን አስፈቅዶ፣ ቃሉ ላልቶ እንደሚነበብ ተናግሮ ጀርባውንም እንዲያነብ ለመንኩት። "አደርገዋለሁ" አለ። ግማሽ ቀን እፎይ አልኩ።

ሐሙስ መምህሩ አልመጡም። አንዱ አመማቸው ይላል፤ ሌላው ተቀየሙ ይላል። የባዮሎጂ ማስታወሻዬን ዘርግቼ አንድ ገጽ አራት ጊዜ አነበብኩ፤ ዓይኔ ብቻ ነው ያነበበው። ጡረታ ወጥተው አንድ ቀን ቤታቸው ቁጭ ብለው ምን ያስባሉ? ይኼን ሁሉ ዓመት አስተምሬ ልጆቹ ትረሳለህ አሉኝ ይላሉ። እኔ ደግሞ የትም ብሄድ ይኼን እንዳሉ እያሰብኩ ልኖር ነው። ከምሳ በኋላ ጃንጥላውን ከጥበቃው ተቀብዬ ተነሣሁ። "ጃንጥላ ልትመልሺ ነው ወይስ ልትታረቂ?" አለችኝ ጓደኛዬ። "ጃንጥላ ልመልስ" አልኳት፤ ይቅርታ ልጠይቅ ነው ማለት አሳፈረኝ።

ቤታቸው ከገበያው ጀርባ፣ ባጃጅ የማይገባበት ጭቃ መንገድ ላይ ነው። መንገድ ላይ ዝናቡ ያዘኝ። ጃንጥላ በእጄ እያለ ረጠብኩ፤ የእሳቸውን መዘርጋት ከበደኝ። የቀርቀሃውን አጥር በር ስመታ ባለቤታቸው ከፈቱልኝ። እሳቸውም አስተማሪ ነበሩ፤ አንደኛ ደረጃ። አዩኝ፣ ጃንጥላውን አዩ። "የኔ ልጅ፣ ጃንጥላ ይዘሽ ነው እንዲህ የበሰበስሽው?" አሉኝ። አስገቡኝ፣ ፎጣ ሰጡኝ። መምህሩ ጓሮ ድንች እየኮተኮቱ ነበር፤ ሊጠሯቸው ወጡ።

እኔ ተቀምጬ ግድግዳውን አየሁ።

ከበሩ አጠገብ ያለው ግድግዳ በወረቀት ተሸፍኗል። "መነጽር። ቁልፍ። የእጅ ቦርሳ።" "ሰኞ፣ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ፣ አሥራ ሁለት ሀ፣ ከቢሮው በስተግራ ሦስተኛው በር።" "ማክሰኞ፣ ሰኞ የተማሩትን አትድገም።" ሰፋ ያለ ወረቀት ላይ የክፍላችን አቀማመጥ ተሥሏል፤ በየመቀመጫው ጥቃቅን ጽሑፍ አለ። የራሴን ፈለግሁ። በመስኮቱ በኩል፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ እንዲህ ይላል፦ "የጥሊሊዋ ልጅ። ቀይ ሹራብ። ጽሑፏ ያምራል። ነጥብ ትረሳለች።"

ባለቤታቸው ተመልሰው መጡ፤ ዓይኔ የት እንዳለ አዩ። የምገባበት አጣሁ። አልተቆጡም፤ ድምፃቸውን ብቻ ዝቅ አደረጉ። "ከገና ወዲህ ነው የባሰበት። ማታ ማታ የነገውን ትምህርት እኔ እጽፍለታለሁ። ጡረታው ሰኔ ሠላሳ ነው፤ እስከዚያ በክብር ይጨርስ ብለን ነው። ትምህርት ቤት የሚያውቅ የለም" አሉ። ከዚያ እጄን ያዙኝ። "አንቺም አታውቂም" አሉኝ።

መምህሩ እጃቸውን በካፖርታቸው እየጠረጉ ገቡ። አዩኝ። በትሕትና ፈገግ አሉ፤ እንደማያውቁት እንግዳ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ፣ ሹራቤን አዩ፣ እንደገና ግድግዳውን አዩ። "የጥሊሊዋ ልጅ" አሉ።

"ጃንጥላዎን ረስተው..." ብዬ ጀመርኩና ቃሉን ቀየርኩ። "ጃንጥላዎን አምጥቼ ነው መምህር።"

ተቀመጡ። ባለቤታቸውን አንድ ጊዜ አዩ። "የተነበበው ትናንት ነው አይደል?" አሉ። "ትናንት ነው" አሉ ባለቤታቸው። ወደ እኔ ዞሩ። "የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ ጽሑፉን ልጁ እጅ ላይ አይቻለሁ። እንዴት ነው የሚነበበው? ጠብቆ ነው ላልቶ?"

እዚያ ድረስ ዝናብ የተደበደብኩት ይኼን ለመናገር ነበር። አሁን ሲጠይቁኝ ግን ሁለቱም መልስ ክፉ ሆነብኝ። ጠብቆ ነው ብል፣ ማንም አያስታውስዎትም ብዬ ሰደብኳቸው ማለት ነው። ላልቶ ነው ብል፣ ግድግዳቸውን ፊታቸው ላይ አነበብኩባቸው። ለማስተካከል የመጣሁት ነገር ከስህተቱ የባሰ ሆኖ ቁጭ አለ። ልዋሽም አሰብኩ፤ ምን ብዬ እንደምዋሽ ግን አላገኘሁም።

"ላልቶ ነው የሚነበበው፣ መምህር" አልኩ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል። "ልክ ነው" አሉ፤ "ነጥብ የለውም። ነጥብ ከሌለው ላላ ነው። ግማሽ ማርክ አልቀንስብሽም።" ሊስቁ ሞከሩ። ከዚያ ሳቁን ትተው፣ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ "ልጆቹ ሁሉ ያውቃሉ?" አሉኝ።

አንድ ትልቅ ሰው እኔን ሲፈራ ሳይ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። "አያውቁም። ጠመኔና መነጽር ነው የሚያውቁት" አልኩ ቶሎ። "እሱማ ማንም ይረሳል" አሉ፤ ትከሻቸው ወረድ አለ። "ነገ እመጣለሁ። ነገ የመጨረሻችሁ ነው አይደል?"

ነገ ሲሉ ትዝ አለኝ። አለቃው ነገ ወጥቶ ቃሉ ላልቶ ነው የሚነበበው ሊል ነው፤ ጀርባውን ሊያነብ፣ መሳቢያውንም አስታዋሹንም። እኔው ራሴ ለምኜው። ተማሪ ይስቃል፤ መምህራኑ ግን እርስ በርስ መተያየት ይጀምራሉ። ክፍል ተሳስተው የገቡበትን፣ ትምህርት የደገሙበትን ይገጣጥሙታል። ሰኔ ሠላሳ ደግሞ ገና ነው። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፤ ፎጣቸውን አንገቴ ላይ እንደጠመጠምኩ ነው የወጣሁት።

አለቃው ወላጆቹ ጋ አዘና ሄዷል ተባለ። ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። ደግሜ ደወልኩ። በጓደኛዬ ስልክም ሞከርኩ። "ምን ሆነሻል?" ስትለኝ ልነግራት አልችልም፤ አታውቂም ተብያለሁ። "ሆዴን ነው" አልኳት። ለሆዴ ሁልጊዜ ታምነኛለች።

አርብ ጠዋት መምህሩ ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ፤ የተለመደው ቦታቸው ላይ ቆሙ። አለቃው የለም። እንዲቀር ተሳልኩ። ባንዲራው ተሰቅሎ ሊያበቃ ሲል ከአዘና የመጣው ሚኒባስ አስፋልቱ ላይ አራገፈው፤ እየሮጠ ገባ፣ በቀጥታ ወደ ፊት ሄደ፣ ዳይሬክተሩም ስሙን ጠሩ። ወረቀቱን ከኪሱ ሲያወጣ እኔ ከሰልፍ ወጥቻለሁ። ሰልፍ አቋርጬ አላውቅም። ዩኒት ሊደሩ አለንጋቸውን አነሡ፤ አላየሁም ብዬ አለፍኩ።

"አታንብበው" አልኩት በሹክሹክታ።

"ራስሽ ለምነሽኝ?"

"ስጠኝ። እኔ አነበዋለሁ።"

"አንቺ?" አለ። ስሜ ሲጠራ እንኳ አቤት ለማለት የማፍር ልጅ መሆኔን ያውቃል። ከመገረሙ የተነሣ ሰጠኝ። ወረቀቱን ወዲያው ሹራቤ ውስጥ ከተትኩት። እዚህ ድረስ ነበር ያሰብኩት። ከዚህ በኋላ ምን እንደምል አላሰብኩም፤ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያየኛል።

"የረቡዑን ኑዛዜ የገለበጥኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "አንድ ቃል አሳስቼ ገልብጬ ነበር። አንባቢው ጥፋት የለበትም።" አለቃው ዓይኑን አፈጠጠ። "የሚለው፣ የአማርኛ መምህራችን አይረሱም ነው። ጠብቆ ነው የሚነበበው። ሁለት ነጥብ አለው፤ አንዱ ረ ላይ፣ አንዱ ሱ ላይ።"

ከኋላ አንዱ፣ "ሁለቱንም ረስታለች፤ አንድ ማርክ ይቀነስባት" ብሎ ጮኸ። ሰልፉ ሁሉ ፈረሰ በሳቅ። ከዚያ ጭብጨባው መጣ። አጨበጨቡ፣ አጨበጨቡ፤ የአሥራ አንደኛ ልጆች ሳይቀሩ። መምህሩን ማየት ፈርቼ ጫማዬን አየሁ። ቀና ስል ጃንጥላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመው ነበር። አለቃው ሲያልፍ፣ "እንዲህ አይልም እኮ" አለኝ። "ይላል" አልኩት።

ከሰልፍ በኋላ የፊርማው ግርግር ሆነ። አንዱ ማርከር ይቀማል፣ አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዱ በጓደኛው ጀርባ ላይ የሒሳብ ቀመር ይጽፋል። እኔ ፀሐይ ወጥቶ ሳለ ሹራቤን አላወለቅሁም፤ በቀይ ሹራብ እንዲያውቁኝ ብዬ ነው። አጠገባቸው ስደርስ አዩኝ። እዚያ ግድግዳ የለም። ሹራቤን ትንሽ ቆየት ብለው አዩት፤ ስም አልጠሩም፣ የጥሊሊዋ ልጅም አላሉኝም። ማርከሩን ከእጄ ተቀበሉ። ሹራቤን አውልቄ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። አንድ ቃል ለመጻፍ ብዙ ቆዩ።

"ምን ይላል?" አልኳት ጓደኛዬን።

"አልረሳም ይላል።"

"ጠብቆ ነው ላልቶ?"

"እኔ በምን አውቃለሁ። ነጥብ የለውም" አለችኝ።

ክፍል ገብቼ፣ ሹራቤን ደርቤ ሸሚዜን ከውስጥ አውልቄ አየሁት። ነጥብ የለውም። በእሳቸው ሕግ ላላ ነው፦ እኔ አልረሳም፤ የሆነው ሁሉ ትዝ ይለኛል። ጠብቆ ቢሆን ማንም አይረሳኝም ማለት ነበር። ይቅር ብለውኝ ይሆን ወይስ ተቀይመውኝ፣ ወይስ ነጥቡን ረስተውት፣ ማን ይንገረኝ። በዚህ ሐሳብ ነው ማትሪክ የተፈተንኩት። የአማርኛው ፈተና ላይ አንዲት ነጥብ አልቀረችኝም፤ ጥያቄው ምርጫ ቢሆንም የጥያቄው ወረቀት ላይ አደረግሁ።

አለፍኩ፤ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። በሁለተኛው ዓመት ለእረፍት ስመለስ ዳንግላ ላይ ሚኒባስ ስቀይር መምህሩን አገኘኋቸው። ልጃቸው ጋ ሊኖሩ ዳንግላ ገብተዋል መባሉን ሰምቼ ነበር። ካፖርታቸውን ለብሰዋል፤ ባለቤታቸው ክንዳቸውን ይዘዋቸዋል። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው። በዚያው የትሕትና ፈገግታቸው አዩኝና፣ "የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ። ባለቤታቸው ሊነግሯቸው አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደምኳቸው። "ከጥሊሊ ነኝ" አልኩ።

"ጥሊሊ ብርድ ነው" አሉኝ። "ሹራብ ልበሺ እንጂ።"

ቤት እንደደረስኩ ሸሚዙን ከሣጥን አወጣሁት። ቀለሙ ወይቧል፤ ቃሉ ግን ይነበባል። ነጥብ የሌለው ላላ ነው ብለው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ላላ ከሆነ ደግሞ ከእንግዲህ እውነት አይደለም። እስክሪብቶ አነሣሁ። አንድ ነጥብ ረ ላይ፣ አንድ ነጥብ ሳ ላይ አደረግሁ። አሁን ጠብቆ ነው የሚነበበው።